ሦስቴ የምንገዛው ማከፋፈያ

አዳማ ውስጥ ገዝተን ከምንቆጭባቸው ነገሮች ሁሉ የሚብሰው ርካሹ የመብራት ማከፋፈያ ነው። በወሩ የሚሞት ቻርጀርም ያናድዳል፤ ማከፋፈያው ግን ቤት ያቃጥላል።

የኪራይ ክፍሉ ያለው ሶኬት አንድ ነው እንበል። ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ በማከፋፈያ ይሰካሉ፤ እንጀራ የሚጋገር ቀን ምጣዱም እዚያው ላይ ይጨመራል። ምጣድ ብዙ ጊዜ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይወስዳል። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ብናካፍለው 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። የርካሹ ገመድ ሽቦ ግን ብዙ ጊዜ 0.75 ካሬ (የሽቦው ውፍረት በካሬ ሚሊ ሜትር) ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚችለው 6 አምፔር ያህል ነው። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። የግንቦት ሙቀት ሲጨመርበት ሽቦው የሚቀዘቅዝበት ፋታ የለውም።

አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚበላሸው ሶኬቱ ውስጥ ያለው የስፒና እግር መያዣ ነው። ሲግል ይላላል፣ ሲላላ ይበልጥ ይግላል። ስፒናው አካባቢ ቡናማ ቀለም ካዩ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ወይም ሲነካ ከተንጫጫ ይጣል። በፕላስተር መጠቅለል አያድነውም።

ሲገዙ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አይመኑ፤ ገመዱን ያንብቡ። 3 ሲባዛ 1.5 (ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 1.5 ካሬ) የሚል ይፈልጉ። ማግኔት ይዘው ይሂዱ፦ የስፒናውን እግር አጥብቆ ከያዘው ነሐስ ሳይሆን የተቀባ ብረት ነው።

እኔ የምመርጠው ግን ማሠራትን ነው። ባለ 3 ሽቦ 1.5 ካሬ ለስላሳ ገመድ በሜትር፣ ስፒናና ሶኬት ለየብቻ ይገዛል። ሽቦው 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላጥና ተጠምዞ በብሎን ይጠብቃል። አረንጓዴ ቢጫው፣ ማለትም የመሬት ሽቦው፣ ከሌሎቹ ትንሽ ይርዘም፤ ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ የሚለቀው እሱ መሆን አለበት። የውጭ ልባሱም ስፒናው ውስጥ ገመዱን ጨብጦ እስከሚይዘው መቆንጠጫ ይግባ፤ ጉተታው ሽቦዎቹ ላይ እንዳያርፍ።

ይህም ቢሆን ለካውያና ለቴሌቪዥን እንጂ ለምጣድ አይደለም። ምጣድ የራሱ ብሬከርና የራሱ መስመር ይፈልጋል፤ 4,000 ዋት ከሆነ 4 ካሬ ሽቦ በ20 አምፔር ብሬከር። አከራይን ማስፈቀድ ያታክታል፣ ግን ይጠየቁ።

ትርፍ ገመድ ጠቅልሎ አልጋ ሥር መክተትም ይቅር፤ የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን ስለሚይዝ ልባሱ ሊቀልጥ ይችላል። ካውያ ተሰክቶ ከ10 ደቂቃ በኋላ ስፒናውን ነቅለው ልባሱን በእጅ ይዳስሱ፤ የሚፋጅ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል ወይም ሽቦው አንሷል።