የብረት ፊት ሸካራነት፦ ከጥፍር ወደ መርፌ የሄድኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን ላይ ቶርኖ ቤት የሚገባ ደንበኛ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ለስልሷል?» ከእነዋሪ የወፍጮ ሻፍት ተሸክሞ የመጣውም፣ ከሸዋ ሮቢት የመስኖ ፓምፕ ጭኖ የጣርማ በርን ዳገት የወጣውም ዕቃውን ይቀበልና ወደ በሩ ብርሃን ያዞረዋል። ካብረቀረቀ ይከፍላል። ካላብረቀረቀ መነጫነጭ ይጀምራል።

ባለሙያውም ከደንበኛው ብዙ አይሻልም። ዲያሜትሩን በማይክሮሜትር እንለካለን፤ ልስላሴውን ግን በዓይንና በጥፍር። ሙያውን ያስያዙኝ ጋሼ (ስማቸው ሲነሳ ስለማይወዱ አልጠራቸውም) እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ፣ ዓይን ይሸነግላል፤ ጥፍርህን እመን» ይሉኛል። ጥፍር በእርግጥ ቀላል ነገር አይደለም። የታወቀ ሸካራነት ያላቸው ናሙናዎች የተደረደሩበት ማነጻጸሪያ አጠገቡ ካለ፣ የለመደ ጥፍር 1.6 ማይክሮንን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ከ3.2 ይለያል። ግን ቶርኖ ላይ የወጣው ዕቃ ከቶርኖ ናሙና ጋር፣ ግራይንደር (ብረትን በሚዞር ድንጋይ የሚያለሰልስ ማሽን) የነካው ደግሞ ከግራይንደር ናሙና ጋር መነጻጸር አለበት። ካደባለቅከው ጥፍርም ይዋሻል።

ወደ መለኪያ መሣሪያ የገፋፋኝ አንድ የማርሽ ሳጥን ሻፍት ነው። ከአንድ ፋብሪካ የመጣ ነው። ሻፍቱ አዲስ ነው፣ ሌላ ቦታ የተሠራ፣ ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦታ ያብለጨልጫል። ኦይል ሲሉ ግን በተቀየረ ቁጥር ያፈሳል። ሲሉን «ፎርጂድ ነው» ብለው ቀየሩት። በሌላ ብራንድ ቀየሩት። ዘይቱን ሳይቀር ቀየሩት። የጥገና ክፍሉ ሰው በመጨረሻ ሻፍቱን እኔ ጋ አምጥቶ «እስቲ አንተ እየው፣ እኛ ሰልችቶናል» አለኝ። በጥፍር ምንም አይያዝም። በዓይን እንከን የለውም። ከዚህ በላይ ለመናገር ቁጥር ያስፈልግ ነበር።

ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አዋጥተን ያገለገለ የእጅ ሸካራነት መለኪያ ከአዲስ አበባ አስመጣን። አሠራሯ ሲታይ ቀላል ነው። ጫፏ ላይ የአልማዝ መርፌ አለች፤ የጫፏ ሬዲየስ 2 ማይክሮን ነው (5 የሆኑም አሉ)። መርፌዋ ብረቱ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ትጎተታለች። ከፍ ዝቅ ባለች ቁጥር መሣሪያዋ ትመዘግባለች። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ይወጣል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ቁጥር ሁልጊዜ ይወጣል። በተሳሳተ አቅጣጫ ብትለካም ይወጣል። ዘይት የቀባ ብረት ላይ ብታስቀምጣትም ይወጣል።

መጀመሪያ የገባኝ የአቅጣጫ ነገር ነው። ቶርኖ ላይ የወጣ ፊት የታረሰ ማሳ ማለት ነው። ስለቱ ማረሻው ነው፤ ፊዱ ደግሞ በትልምና በትልም መካከል ያለው ርቀት። ትልሙን ተከትለህ ከሄድክ እግርህ ብዙም አይወጣም አይወርድም። ማሳውን ስታቋርጥ ነው መሬቱ የሚታወቅህ። ሻፍት ላይ ትልሙ ዙሪያውን ስለሚዞር መርፌዋ በሻፍቱ ርዝመት መሄድ አለባት። ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተላጨ ከመሃል ወደ ጠርዝ። ፍሬሳ (ስለቱ ራሱ የሚዞርበት ማሽን) ላይ ከሆነ ምልክቱን አቋርጣ። ይህን ያልጠበቀ ሰው በጣም የሚያምር ቁጥር ያገኛል፤ ደንበኛውም ይደሰታል።

ቀጥሎ ካትኦፍ የሚባለው አለ። መሣሪያዋ የለካችውን መስመር ስትፈትሽ ረጅም ርቀት ላይ ያለውን ሞገድ አጣርታ ትጥላለች፤ አጭሩን ሸካራነት ታስቀራለች። የትኛው አጭር፣ የትኛው ረጅም እንደሆነ የሚወስነው ካትኦፍ ነው። የተለመዱት 0.25፣ 0.8 እና 2.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። ብዙውን ጊዜ 0.8 ይመረጣል፤ አምስት ጊዜ 0.8 ማለት 4 ሚሊ ሜትር የሚቆጠር ርዝመት ነው፤ ለመነሻና ለመቆሚያ ትንሽ ይጨመርበታል። አሁን በ0.5 ሚሊ ሜትር ፊድ የተቆረጠ ሻካራ ፊት አምጣና በ0.25 ካትኦፍ ለካው። ትልሞቹ ከካትኦፉ ይሰፋሉ። መሣሪያዋ «ይህ ሞገድ ነው» ብላ አብዛኛውን ትጥለዋለች። ሻካራው ብረት ለስላሳ ሆኖ ወጣ! ለእንዲህ ያለው ፊት ትክክለኛው 2.5 ነው። ስለዚህ ደንበኛ ወረቀት ላይ ቁጥር ይዞልኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «በስንት ካትኦፍ?» ነው። ብዙዎቹ ያኔ ዝም ይላሉ።

ከቁጥሮቹ ታዋቂው አርኤ ነው። መሃል መስመር ይሰመርና ጉብታውም ስርጉዱም ከዚያ መስመር ምን ያህል እንደሚርቅ ይቆጠራል፤ አማካዩ አርኤ ይባላል። አማካይ ነውና የአማካይ ባሕርይ አለው፤ አንድን መጥፎ ነገር ብዙ ደህና ነገር ውስጥ ይደብቀዋል። ወረቀት ላይ አሰላሁት። በ4 ሚሊ ሜትር ውስጥ 10 ማይክሮን የሚጠልቅ፣ 20 ማይክሮን የሚሰፋ አንድ ጭረት ቢኖር አርኤ ላይ የሚጨምረው 0.025 ማይክሮን ገደማ ነው። ማንም አያየውም። አርዜድ ግን የተለየ ነው። መስመሩን አምስት ቦታ ይከፍልና በእያንዳንዱ ከከፍተኛው ጉብታ እስከ ጥልቁ ስርጉድ ለክቶ የአምስቱን አማካይ ይሰጣል። ያው ጭረት አርዜድን በ2 ማይክሮን አካባቢ ያዘልለዋል። ስለዚህ ሁለቱን ሳላይ አልፈርምም። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ1997 እ.ኤ.አ. በፊት በነበረው ዓለም አቀፍ ደረጃ አርዜድ የሚባለው ሌላ አቆጣጠር ነበር፤ አምስት ጉብታና አምስት ስርጉድ ተመርጦ። ያገለገለ መሣሪያ ስትገዛ የትኛው ደረጃ ላይ እንደተሞላች ሜኑዋ ውስጥ ገብተህ እይ። የእኛዋ በጃፓን ደረጃ ተሞልታ ነበር የመጣችው።

ወደ ሻፍቱ ልመለስ። ኦይል ሲል የሚቀመጥበት ሻፍት አርኤው ከ0.2 እስከ 0.8፣ አርዜዱ ከ1 እስከ 5 ማይክሮን እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ከታች ያለው ወሰን ብዙ ሰው ይገርመዋል። ከ0.2 በታች በጣም ከለሰለሰ ዘይቱን የሚይዝ ቦታ አይኖርም፤ የሲሉ ከንፈር ደርቆ ይቃጠላል። ለካሁት። አርኤ 0.5፣ አርዜድ 3 አካባቢ። ሁለቱም ልክ! ቦታ እየቀያየርኩ ደገምኩ፤ ያው ነው። ቁጥሩ «ደህና ነኝ» ይላል፣ ዘይቱ ደግሞ መሬት ላይ ነው።

ጋሼን ጠራኋቸው። ሻፍቱን በማጉያ መነጽር አገላብጠው አዩትና «ይኼ ቶርኖ ላይ ወጥቶ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ ነው፤ ድንጋይ አልነካውም» አሉ። እውነታቸውን ነው። ከላይ የወረቀቱ ጭረት ይታያል፤ ከሥሩ ግን የቶርኖው ትልም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ቶርኖ ስትሠራ እያወቅክም ሳታውቅም የብሎን ጥርስ እያወጣህ ነው፦ በጣም ደቃቅ ጥርስ፣ ፒቹ (በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት) ከፊዱ እኩል የሆነ። ሻፍቱ ሲዞር ያ ደቃቅ ጥርስ ዘይቱን በሲሉ ሥር እየገፋ ያወጣዋል። አርኤም አርዜድም ቁመትን ነው የሚነግሩህ፤ ትልሙ ጠመዝማዛ ይሁን አይሁን አይነግሩህም።

ይህን ለማረጋገጥ የሚያስፈልገው ክር ነው። ሻፍቱን ከሁለቱም ጫፍ በሁለት ሴንተር (በቶርኖው ሹል መያዣዎች) ያዝኩትና በውሃ ልክ አስተካከልኩት። ቀጭን ዘይት ቀባሁት። የስፌት ክር አንዱን ጫፍ ከጎን ካለ ቋሚ ጋር አስሬ፣ ሻፍቱን ከግማሽ ዙር በላይ እንዲያቅፍ አድርጌ፣ ሌላው ጫፍ ላይ 30 ግራም ገደማ የሚመዝን ዳዶ አንጠለጠልኩ። ከዚያ ቶርኖውን በቀስታ፣ በደቂቃ 60 ዙር አካባቢ አዞርኩት። ክሩ ጥቂት ቆይቶ ወደ ቀኝ መንሸራተት ጀመረ። አቁሜ በተቃራኒው አዞርኩት። ወደ ግራ ሄደ። በሁለቱም አዟዟር ወደ አንድ ጎን ቢሄድ ኖሮ ሻፍቱ ሾጣጣ ነው ወይም አቀማመጡ ዘንበል ብሏል ማለት ነበር። አዟዟሩ ሲቀየር ክሩም አቅጣጫ ከቀየረ ግን ጠመዝማዛው አለ። የጥገናው ሰው ቆሞ ያይ ነበር። «በክር?» አለ። አዎ፣ በክር።

መፍትሔው አዲስ አበባ ነው የተገኘው። እኛ ጋ የሻፍት ግራይንደር የለም። ግራይንደር ላለው ሰው ስንልክ ወረቀቱ ላይ በትልቁ የጻፍንለት አርኤውን ብቻ አይደለም፦ ድንጋዩ ግራ ቀኝ ሳይሄድ ቀጥ ብሎ እንዲገባና መጨረሻ ላይ ብልጭታው እስኪጠፋ ያለ ተጨማሪ ግፊት እንዲቆይ። ተሠርቶ ሲመለስ አርኤው 0.4 ሆነ፤ ከቀድሞው ብዙም አይራራቅም። ክሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ማፍሰሱም በዚያው ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀበል ከልስላሴው በፊት «እዚህ ላይ ምን ይቀመጣል?» እላለሁ። ሲል ነው፣ ኩሽኔታ ነው ወይስ ምንም? ምንም የማይነካው ቦታ ላይ ሰዓት የማጥፋት ፍላጎት የለኝም። ደንበኛ ሁሉም ቦታ እንዲያብረቀርቅ ከፈለገ ይከፍልበታል። አንዳንዱ ይከፍላል፤ የሰው ነገር።

ሒሳብ የምሠራው ደግሞ ብረቱን ከመቁረጤ በፊት ነው። የትልሙ ጥልቀት በግምት ፊዱ በራሱ ተባዝቶ፣ ለስለቱ ጫፍ ሬዲየስ ስምንት እጥፍ ሲካፈል ነው። ፊዱ 0.2፣ ሬዲየሱ 0.8 ከሆነ 6.25 ማይክሮን ጥልቀት ይወጣል፤ አርኤው ወደ 1.6 ይጠጋል። ፊዱን ወደ 0.1 ብታወርደው ጥልቀቱ በአራት እጥፍ ይቀንሳል። ሬዲየሱ 0.4 የሆነ ስለት ብታስር በእጥፍ ይጨምራል። ይህ በወረቀት ነው። ለስላሳ ብረት በዝግታ ስትቆርጥ ቅራፊው ስለቱ ጫፍ ላይ እየተለጠፈ ፊቱን ይቦጫጭቀዋል፤ ያኔ ፊድ መቀነስ ብቻውን አያድንህም፣ ዙሩን መጨመር ነው። የለካሁት ከሰላሁት በጣም ሲርቅ ስለቱን አያለሁ፣ ቀጥሎ የዕቃውን አያያዝ።

ስለ ብርዱ የሚጠይቁኝ አሉ። የደብረ ብርሃን ጠዋት ዲያሜትር ሲለካ ያስቸግራል፤ 50 ሚሊ ሜትር ብረት በ10 ዲግሪ ልዩነት 6 ማይክሮን ገደማ ይቀያየራል። ሸካራነት ላይ ግን ይህ ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ሸካራነትን የሚያበላሸው ንዝረትና ቆሻሻ ነው። ጎረቤቴ ኮምፕረሰሩን ሲያስነሳ ስክሪኑ ላይ ይታየኛል፤ «ወንድሜ፣ ሁለት ደቂቃ» ብዬ እለምነዋለሁ። ብረቱንም በንጹሕ ጨርቅና በአልኮል እጠርጋለሁ። ጠዋት ከማንኛውም ሥራ በፊት ከመሣሪያዋ ጋር የመጣውን ናሙና እለካለሁ፤ ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ የእኛው 3 ማይክሮን አካባቢ ነው። ከተጻፈው ከራቀ መርፌዋን አያለሁ።

ድሮዊንግ (የዕቃው ንድፍ) ላይ ያሉ የቆዩ የሸካራነት ምልክቶች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ኤን 7 ማለት 1.6 ማይክሮን አርኤ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ይሻክራል። በድሮ የሩሲያ ድሮዊንግ ላይ ከሦስት ማዕዘኑ ጎን ያለው ቁጥር ግን ሲጨምር ይለሰልሳል። በአሜሪካኖች ደግሞ 63 ተጽፎ ካየህ አትደንግጥ፤ በማይክሮ ኢንች ነው፣ ያው 1.6 ነው።

መርፌዋ የማትገባበት ጠባብ ቀዳዳ ሲመጣ ከዚያው ብረት የተረፈ ቁራጭ እወስዳለሁ። በዚያው ስለት፣ በዚያው ፊድና ዙር ያንኑ ቀዳዳ እሠራበታለሁ። ከዚያ በመጋዝ ርዝመቱን ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ፣ የመጋዙን ብናኝ አጥቤ መርፌዋን ውስጡ አስቀምጣለሁ። ደንበኛው «ብረት አባከንክ» ይላል። ቁራጩን በጋዜጣ ጠቅልዬ ከዕቃው ጋር እሰጠዋለሁ፤ ቁጥሩን በማርከር ጽፌበት።