በሬው ሁለት ጊዜ ተሠራ

ከአሮጌ የማሽን ቁርጥራጭ በይጄ የሠራሁት የመጀመሪያው የበሬ ቅርጽ ሲሰነጠቅ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ብየዳውን ጨርሼ፣ ጭንብሌን አውልቄ ራቅ ብዬ ሳየው «ጧ!» አለና ቀንዱ ከግንባሩ ተላቀቀ። ግንባር ያደረግሁት ከተዘጋ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ባለቤቶቹን አስፈቅጄ ያወጣሁትን የሽመና ማሽን እግር ነበር፤ ካስት አይረን፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት። ይህ ብረት ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን አለበት። አንድ ቦታው ብቻ ግሎ ሲቀዘቅዝ መሳሳብ አይችልም፣ ይሰነጠቃል።

አሁን ከመበየዴ በፊት ጫፉን ግራይንደር አስነካዋለሁ። ፍንጣሪው ረዘም ብሎ ቢጫ ከሆነ ተራ ብረት ነው፤ ቀላ ብሎ ቶሎ ከጠፋ ካስት አይረን። እሱንም አስቀድሞ አሙቆ፣ በኒኬል ኤሌክትሮድ በአጭር በአጭሩ በይዶ፣ አሸዋ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ማድረግ ይቻላል። እኔ ትዕግሥቱ ስለሌለኝ በስቼ በብሎን አስረዋለሁ። ማሽኑም ሲወለድ በብሎን የታሰረ ነው፣ ምን ነውር አለው?

ዚንክ የተነከረ ቧንቧ በተዘጋ ክፍል የበየድኩ ዕለት ማታ እንደ ወባ አንቀጥቅጦኛል። የዚንኩ ጢስ ነው። አሮጌ ቀለም ሊድ (መርዛማ እርሳስ)፣ አሮጌ ጋስኬት ደግሞ ለሳንባ አደገኛ የሆነ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ምንነቱን ያላወቅሁትን አልፍቅም፤ የታሸገ በርሜልማ አልነካም።

ከሁሉ የቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ለዚያ በሬ 40 የሚሆኑ ጊሮችና ኩሽኔታዎች ደርድሬ፣ ሁሉንም በሽቦ ብሩሽ እስኪያብለጨልጩ ፈግፍጌያቸው ነበር። የገበያ ጌጥ መሰለ። ሠዓሊው ፒካሶ በ1942 እ.ኤ.አ. የበሬ ጭንቅላቱን የሠራው ከብስክሌት ኮርቻና መሪ ብቻ ነው፤ ኮርቻው ኮርቻነቱን አልተወም።

ሁለተኛው በሬ ሰባት ቁራጭ ነው። ቀንዱ የማሽን ማስነሻ እጀታ ሲሆን መሃሉ በመዳፍ ብዛት ሳስቶ ለስልሷል። አልፈገፈግሁትም። ዘይቱን በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ለብ አድርጌ ሰም ቀባሁት፤ በቃ።

እዚያ ፋብሪካ ይሠሩ የነበሩ አንዲት እናት ሊያዩት መጥተው ስለ በሬው ምንም አላሉም። ቀጥ ብለው ሄደው ቀንዱን ጨበጡት፤ ጣቶቻቸው የሳሳው ቦታ ላይ ልክ ገጠሙ።

«ልጄ፣ ገልብጠኸዋል እኮ» አሉኝ።

ብሎኑን ፈትቼ አዞርኩት።