ጥበቃ በለኝ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ተገትሬ አረፈድኩ። ጓደኛዬ ደውሎ «የት ደረስክ?» ሲለኝ «ዘበኛው አላስገባ አለኝ» አልኩት። ጮክ ብዬ።

ሽበታሙ ሰውዬ ዱላቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «ልጄ፣ ጥበቃ በለኝ» አሉና ደረታቸው ላይ ያለውን ባጅ በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እውነትም «ጥበቃ» ይላል። አፈርኩ።

«ይቅርታ ጋሼ» ብዬ ጥጌን ያዝኩ። ሥራ የለኝ፣ ቃል መቁጠር ጀመርኩ። ዘበኛ እኮ ድሮ የሚያሳፍር ስም አልነበረም። በታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት የሞከረው የጃንሆይ ጦር ራሱ ክብር ዘበኛ ነበር የሚባለው። በረኛ እንዳልላቸው ቃሉን ኳስ ወስዶታል፤ ጓንት ያጠለቀ ሰው ነው የሚታየኝ። ቤተ ክህነት ዐጻዌ ኆኅት አላት። ግእዝ ነው፣ ደጅ የሚዘጋ እንደማለት። ቤተ መንግሥት ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ ነበረው። ስሙ ራሱ ያስፈራል! ደጃዝማችም ቢሆን የደጅ አዝማች ነው። ለካ ከደጅ ስንት ማዕረግ ወጥቷል።

ለእኔ የደረሰኝ ደጅ ጠኚነቱ ነው። ይኸው ሁለት ሰዓት ሙሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሼ ዱካቸውን ገፋ አደረጉልኝ። «ቁጭ በል፣ ኃላፊው ወጥቷል።» በየት በኩል እንደወጣ አልጠየቅኩም። ከኮታቸው ኪስ ቆሎ አወጡና ግማሹን መዳፌ ላይ ዘረገፉልኝ።