ከቀፊራ እስከ ሳቢያን

ዛሬ ከቀፊራ ወደ ሳቢያን በባጃጅ ስመለስ ሹፌሩ ዘፈኑን ለቆታል። የድሬ ሙቀት ያነሰን ይመስል ድምፅ ማጉያው ጆሮዬ ሥር ነው።

ለወትሮው ዜማውን እንጂ ግጥሙን ልብ አልልም። ዛሬ ሰማሁት። ሦስት ዘፈን፣ ሦስቱም ወንድ ዘፋኝ። እሷ ዓይን ናት፣ አንገት ናት፣ ወገብ ናት። አንድም ቦታ ሥራ የላትም! እሱ ግን ይሄዳል፣ ይናፍቃል፣ ይለምናል። እምቢ ስትለው ደግሞ "አፏ ነው እንጂ ልቧ እሺ ብሏል" ዓይነት ነገር ይላል። ይቺኛዋ አናደደችኝ። መንገድ ላይ እምቢ እያልናቸው የሚከተሉን ልጆች ከየት ተማሩት ታዲያ?

ከጎኔ አንዲት እናት አሉ። ከንጋት ጀምሮ ቲማቲም ሲሸጡ ውለው ባዶ ዘንቢላቸውን ታቅፈዋል።

"እማማ፣ ስለ እርስዎ ዓይነት ሴት ለምን አይዘፈንም?" አልኳቸው።

ሳቁ። "ስለ እኔ ከተዘፈነማ 'እሷ እኮ ወንድ ናት' ነው የሚሉት።"

እውነታቸውን ነው። ሴት ስትጀግን የምንሰጣት ትልቁ ሙገሳ ወንድ ማድረግ ነው። ፉከራውም ቀረርቶውም የእሱ ነው።

ሹፌሩ በመስታወት እያየን "አቦ ዘፈን እኮ ነው፣ አታካብዱ!" አለና ድምፁን ጨመረው።

አልዋሽም፣ አራተኛው ዘፈን ላይ ትከሻዬ ተንቀሳቀሰ።