ጣፋጭ ወዳድ ተማሪ ቤልጂየም ሲገባ

ለማስተርስ ጌንት ስመጣ ስለ ቤልጂየም ቸኮሌት ብዙ ተነግሮኝ ነበር። ቸኮሌቱ እውነትም ልዩ ነው። ፕራሊን የሚሉትን፣ ውስጡ የተሞላውን፣ ዣን ኖይሃውስ በ1912 ብራስልስ ውስጥ ነው የፈጠረው። ግን የተማሪ ኪስ አይችለውም፤ ሰው ካልጋበዘኝ አልነካውም።

እኔን የያዘኝ ኩበርዶን ነው። ግሩንተንማርክት አደባባይ ላይ በጋሪ ይሸጡታል። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ ከረሜላ ነው። ጥርስ ሲያርፍበት ቅርፊቱ ስብር ይልና ወፍራም የራስቤሪ ሽሮፕ ምላስ ላይ ይፈስሳል። ለሁለት ልክፈለው ያለ ሰው አገጩን ይጠርጋል፤ እንዳለ መጉረስ ነው። ገዝቶ ማስቀመጥም አያዋጣም፣ ሲቆይ ውስጡ ስኳር ሆኖ ይደርቃል። አዲስ አበባ ላሉት እህቶቼ ያልላክሁት ለዚህ ነው። (አላመኑኝም።)

ዋፍል ከሆነ የሊዬዥ ከተማውን እመርጣለሁ። በእርሾ የተነሳ ሊጥ ውስጥ የስኳር እንክብሎች ይጨምሩበታል፤ የጋለው ብረት ላይ ቀልጠው ቡናማ ቅርፊት ይሠራሉ። ክሬምና እንጆሪ መከመር የቱሪስት ነገር ነው። ባዶውን፣ በትኩሱ፣ መንገድ ላይ ቆሞ መብላት ነው የሚያምረው።

ጣጣው በዲሴምበር 6፣ በቅዱስ ኒኮላስ ቀን ይመጣል። ቀረፋ የበዛበት ስፔኩሎስ ብስኩት በየክፍሉ ይዞራል። እኛ ደግሞ ያኔ ጾመ ነቢያት ላይ ነን፣ ብስኩቱ ቅቤ አለበት። የክፍል ጓደኞቼ ድርሻዬን እስከ ገና ማስቀመጥ ለምደዋል። ደረቅ ስለሆነ፣ እግዜር ይስጠው፣ ቶሎ አይበላሽም።