ጥርሳችሁ ማመሙን ሲያቆም ዳነ ማለት አይደለም (ስለ ሩት ካናል)

ሩት ካናል (የታመመውን የጥርስ ነርቭ አውጥቶ ውስጡን አፅድቶ የመሙላት ሕክምና) ሲባል ገና ፊታቸው የሚለዋወጥ ሰዎች በጣም ብዙ ናቸው፣ እና እውነቱን ለመናገር ይሄ ፍርሃት ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሰዉ የሚፈራው ያለ ቦታው ነው። ወንበሩን ይፈራል፣ መርፌውን ይፈራል፣ የድሪሉን ድምፅ ይፈራል፣ ሌሊቱን ሙሉ ጉንጩን አስይዞ የሚያሳድረውን ሕመም ግን "እስቲ ትንሽ ልየው" እያለ ይሸከመዋል። እኔ የታች መንጋጋ ጥርሴን አሰርቻለሁ። ሁለቱንም ስለማውቃቸው በድፍረት ነው የምናገረው፣ ከባዱ ሕመም ያለው ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ነው። ወንበሩ ላይ ድካም አለ፣ መሰላቸት አለ፣ ጭንቀትም አለ፣ ያ ሌሊት የሚያስለቅሰው ነገር ግን እዛ የለም።

ከሕመሙ ልጀምር፣ ብዙ ሰው የሚዘገየው ምልክቱን ስለማያውቀው ነው። ጥርስ ውጪው ጠንካራ ነው፣ መሃሉ ላይ ግን ነርቭና የደም ስር ያለበት ለስላሳ ነገር አለ፣ ሐኪሞቹ ፐልፕ ይሉታል፣ እኛ በደፈናው "ነርቩ" የምንለው ማለት ነው። ጥርሱ ተቦርቡሮ ቀዳዳው እዛ ድረስ ሲደርስ ወይም ጥርሱ ሲሰነጠቅ ባክቴሪያ ይገባና ፐልፑ ይቆጣል። ሌላው ሰውነታችን ሲቆጣ ያብጣል አይደል፣ ፐልፑ ግን ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ ስለታጠረ የሚያብጥበት ቦታ የለውም፣ ግፊቱ እዛው ውስጥ ታምቆ ይቀራል። ማታ ጋደም ስትሉ ደግሞ ወደ ጭንቅላት የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ይብስበታል፣ ለዛ ነው ቀን ደህና የዋለ ጥርስ ልክ ትራስ ላይ ጭንቅላታችሁን ስታሳርፉ ከልብ ምታችሁ ጋር እኩል እየመታ የሚጠዘጥዛችሁ። ትራስ ደራርቦ ከፍ ብሎ መተኛት ትንሽ የሚያስታግሰውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ቀዝቃዛ ነገር ስትጠጡ ጥርስ ቢነዝራችሁና ወዲያው ቢተዋችሁ ብዙ ጊዜ ገና ሊድን የሚችል ነው፣ በተራ ሙሌት ሊያልፍ ይችላል። ቀዝቃዛውን ከዋጣችሁ በኋላ ሕመሙ ቆይቶ የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ትኩስ ነገር ማሳመም ከጀመረ፣ ወይም ምንም ሳትነኩት ዝም ብሎ ከመሬት ተነስቶ ካመማችሁ ግን ፐልፑ ወደኋላ የማይመለስበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ አይቀርም። አንዳንዱ ሰው ቀዝቃዛ ውሃ አፉ ውስጥ ይዞ ካልቆየ ሕመሙ አይተወውም፣ ይሄ በጣም የገፋ ምልክት ነው።

ሌላው የሚገርመው የትኛው ጥርስ እንደሆነ አለመታወቁ ነው። እኔ ላይኛው ነው ብዬ እምል ነበር፣ ጆሮዬንም ያመኝ ነበር፣ ዶክተሯ ግን እያንዳንዱን ጥርስ በመሳሪያ ጫፍ መታ መታ አድርጋ፣ ጥጥ ላይ የሆነ በጣም ቀዝቃዛ ነገር ነፍታ አንድ በአንድ እያስነካች፣ በኤክስሬይም አይታ ታችኛው መሆኑን ነገረችኝ። የፊታችንን ስሜት የሚሸከመው ትልቁ ነርቭ ለላዩም ለታቹም መንጋጋ፣ ለጆሮ አካባቢም ቅርንጫፍ ስላለው ነው ጭንቅላታችን የሚምታታበት። ስለዚህ "ይሄኛውን ንቀሉልኝ" ብላችሁ አትዘዙ እባካችሁ፣ ይመርመሩላችሁ።

አሁን በጣም የምፈራውን ነገር ልናገር። አንድ ቀን ሕመሙ በራሱ ቀጥ ይላል። ሰዉ እፎይ ይላል፣ ቀጠሮውን ይሰርዛል፣ "ተወኝ፣ አለፈልኝ" ይላል። ያኔ አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ነገር ነርቩ መሞቱ ነው፣ የሞተ ነገር አያምማ! ባክቴሪያው ግን አልሞተም፣ የሞተው ፐልፕ ውስጥ ተመችቶት ይራባና በስሩ ጫፍ ወጥቶ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ከዛ በኋላ ያለው ወይ በዝምታ አጥንቱን ሲበላ መክረም ነው፣ ወይ መግል ቋጥሮ ፊት ማበጥ ነው። አንቲባዮቲክ ውጦ መቀመጥም መፍትሄ አይደለም፣ መድኃኒቱ የሚጓዘው በደም ነው፣ የሞተው ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይገባም፣ ስለዚህ እብጠቱን ለጊዜው ያስታግስ እንደሆነ እንጂ ምንጩ እዛው ይቀመጣል። እብጠቱ ወደ አንገት ወይም ወደ ዓይን ከሄደ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካስቸገረ፣ መተንፈስ ከከበደ ደግሞ የጥርስ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።

ወደ ወንበሩ እንምጣ። ድሮ የነበሩ ሰዎች ስለጥርስ ሕክምና የሚያወሩት አስፈሪ ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጥርስ ነርቭ ለመግደል አርሰኒክ ይደረግ ነበር፣ መርዝ! ዛሬ በብዛት የሚወጋው ሊዶኬይን የተሰራው እ.ኤ.አ. በ1943 ነው፣ ኒልስ ሎፍግሬን የሚባል ስዊድናዊ ኬሚስት ነው የሰራው። መርፌው ከመግባቱ በፊት ድዱን የሚያደነዝዝ ቅባት ይቀባል፣ ከዛ ቁንጥጫ ነገር ይሰማል፣ ፈሳሹ ሲገባ ውጥርጥር ያደርጋል። ለታች መንጋጋ የሚወጋው ወደ ኋላ ገባ ብሎ ዋናው ነርቭ አካባቢ ስለሆነ ግማሽ ከንፈርና ግማሽ ምላስ አብሮ ይደነዝዛል። እዚህ ላይ አንድ ማንም ያልነገረኝ ነገር ነበር፣ መርፌው ውስጥ አድሬናሊን ስላለ ልባችሁ ለትንሽ ደቂቃ ድው ድው ሊልና እጃችሁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ አለርጂ መስሏችሁ እንዳትደነግጡ፣ ያልፋል። የልብ ችግር ወይም የደም ግፊት ካለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

በጣም የተቆጣ ጥርስ፣ በተለይ የታች መንጋጋ፣ በአንድ መርፌ እሺ ብሎ ላይደነዝዝ ይችላል። የተቆጣው አካባቢ አሲድ ስለሚበዛበት ማደንዘዣው በደንብ አይሰራም፣ ነርቩም ራሱ ከልክ በላይ ነቅቷል። ከንፈራችሁ ድንዝዝ ብሎ ጥርሱ ግን ሲነካ ሊሰማችሁ ይችላል ማለት ነው። እኔም ላይ ደርሷል። ዶክተሯ መጀመሪያውኑ "የኔ እህት፣ ትንሽ እንኳን ካመመሽ ግራ እጅሽን አንሺ፣ አቆማለሁ" ብላኝ ስለነበር አነሳሁ፣ አቆመች፣ ጥርሱና አጥንቱ መሃል ባለችው ቀጭን ቦታ ሌላ መርፌ ጨመረችልኝና በቃ ጠፋ። እንደዛም ሆኖ እምቢ ካለ ፐልፑ ውስጥ ቀጥታ የሚወጋ አለ፣ እሱ ለሰከንዶች ያማል ይባላል፣ ከዛ በኋላ ግን ፀጥ ነው። እና እባካችሁ ጥርስ ነክሶ መቻል ጀግንነት አይደለም፣ ሐኪሙ ማወቅ የሚችለው ስትነግሩት ብቻ ነው። እጅ ስታነሱ የማያቆም ሐኪም ካጋጠማችሁ ተነስታችሁ ሌላ ፈልጉ፣ ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ከዛ ላስቲኩ ይመጣል፣ ራበር ዳም የሚባለው። ጥርሱ ላይ በትንሽ መቆንጠጫ ይታሰርና ሌላውን አፍ ይሸፍነዋል፣ አንድ ጥርስ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ሳንፎርድ ባርነም የሚባል አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1864 ያመጣው ነገር ነው፣ እስካሁንም የሚተካው አልተገኘም፣ ምክንያቱም ምራቅ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ የሚፀዳው ጥርስ ውስጥ እንዳይገባ፣ ትንንሾቹ መሳሪያዎችና መድኃኒቱም ወደ ጉሮሮ እንዳይሄዱ የሚከለክለው እሱ ነው። መጀመሪያ የታፈናችሁ ይመስላችኋል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መተንፈስ ነው፣ ጉንፋን ይዟችሁ አፍንጫችሁ ከተዘጋ ግን ቀድማችሁ ንገሩ። እኔ ከለመድኩት በኋላ እንደውም ወደድኩት፣ ውሃው ጉሮሮዬ ውስጥ አይፈስም፣ ምላሴን የት ላድርገው ብዬ አልጨነቅም።

የድሪሉ ጊዜ ሰው ከሚያስበው በጣም ያጥራል። ቀዳዳው ከተከፈተ በኋላ ያለው አብዛኛው ሥራ ጸጥ ያለ ነው፣ ፋይል በሚባሉ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ሽቦዎች የስሩን ቱቦ ውስጥ ውስጡን ማፅዳት ነው፣ መጀመሪያ ከሚገቡት አንዱ ጫፉ ላይ 0.10 ሚሊሜትር ብቻ ነው ውፍረቱ፣ ከዛ እያደገ ይሄዳል። ሕመም ሳይሆን መገፋትና መጎተት ነው የሚሰማው፣ መንጋጋ ውስጥ የሚሰማ ንዝረትም አለ። ከንፈር ላይ ትንሽ ብረት ያንጠለጥሉና የሆነ ማሽን ጢጥ ጢጥ ይላል፣ እሱ ፋይሉ የስሩ ጫፍ ጋ መድረሱን በኤሌክትሪክ የሚለካ ነው፣ ድምፁ ሲፈጥን የሆነ ነገር የተበላሸ መስሎኝ ደንግጬ ነበር፣ ጫፉ ጋ ደረስን ማለት ብቻ ነው። በመሃል በመሃል በረኪና በረኪና ይሸታል፣ የእውነትም ያው የበረኪናው ኬሚካል ነው፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት፣ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ፋይል የማይደርስበት ስርጓጉጥ ውስጥ የቀረውን የሞተ ስጋም ያሟሟል።

ለምን ይሄን ያህል ይቆያል የሚል ሰው አለ። የፊት ጥርስ ብዙ ጊዜ አንድ ቱቦ ነው ያለው፣ የታች መንጋጋ ጥርስ ደግሞ በአብዛኛው ሦስት፣ አንዳንዴ አራት፣ የላይኛው የመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ላይ ያለችው አራተኛዋ ቱቦ ደግሞ በጣም ጠባብ ስለሆነች ለመፈለግ ብቻ ብዙ ጊዜ ትወስዳለች፣ ለዛ ነው ማይክሮስኮፕ የሚጠቀሙት። አንዷ ቱቦ ከተረሳች ባክቴሪያው እዛ ይቀራል፣ ስለዚህ ሐኪሙ ሲቆይባችሁ ደስ ይበላችሁ። በበኩሌ ከሁሉም ያደከመኝ አፌን ከፍቼ መቆየቱ ነው፣ መንጋጋዬ ዛለ። የምትነከስ የጎማ ድጋፍ አለች፣ ካልሰጧችሁ ጠይቁ፣ በጣም ትለያለች።

መጨረሻ ላይ ቱቦዎቹ ደርቀው ጉታ ፐርካ በሚባል ነገር ይሞላሉ፣ ከዛፍ ፈሳሽ የሚሰራ ጎማ መሰል ነገር ነው፣ ሲሞቅ የሚለሰልስ። ሲጫን ግፊት ይሰማችኋል፣ ያ ነው። ኢንፌክሽኑ ከባድ ከሆነ ግን በአንድ ቀን አይዘጋም፣ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባል መድኃኒት ውስጡ ይደረግና በጊዜያዊ ሙሌት ተሸፍኖ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣል።

ማደንዘዣው ሲለቅ ጥርሱ ሲነከስበት ያማል፣ አንዳንዱ ላይ ቀናት ይቆያል፣ ግን የሌላ ዓይነት ሕመም ነው፣ እንደተመታ ቦታ ያለ፣ የሚቻል። እኔን ፓራሲታሞልና ኢቡፕሮፌን አስታግሶልኛል፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ግን ኢቡፕሮፌን ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱ። ከንፈራችሁ ሳይፈታ ምንም አታኝኩ፣ ጉንጫችሁን ሳታውቁት ትነክሱታላችሁ። ሕመሙ በየቀኑ እየቀነሰ መሄድ አለበት፣ እየጨመረ ከሄደ ወይም ካበጠ ደውሉ።

ሩት ካናል የተሰራ ጥርስ በሽታ ያመጣል የሚል ወሬም አለ፣ ሰው ሲያጋራው አያለሁ። ዌስተን ፕራይስ የሚባል የጥርስ ሐኪም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካወጣው ሀሳብ የመጣ ነው፣ በዛ ምክንያት ስንት ደህና ጥርስ ተነቀለ፣ በኋላ ሌሎች በትክክለኛ መንገድ ሲደግሙት ውጤቱ አልተገኘም። እሱን ብላችሁ እንዳትቀሩ።

ከሁሉም በላይ ግን መሃል ላይ አትጥፉ። ከመጀመሪያው ቀጠሮ በኋላ ሕመሙ ይጠፋልና ሰዉ በዛው ይቀራል፣ ጊዜያዊው ሙሌት ደግሞ ስሙም እንደሚለው ጊዜያዊ ነው፣ ያልቃል፣ ያሳልፋል፣ የተፀዳው ጥርስ እንደገና ይበከላል። ተሞልቶ ካለቀ በኋላም የኋላ ጥርስ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ክራውን (ጥርሱን ከላይ የሚሸፍን ቆብ) ይፈልጋል፣ ምክንያቱም በመበስበሱና በመከፈቱ ብዙ ግድግዳ አጥቷል፣ ስታኝኩበት ለሁለት ሊሰነጠቅ ይችላል፣ እስከ ስሩ ከተሰነጠቀ ደግሞ መንቀል ነው ዕጣው። እኔ ክራውኑ እስኪገባ ድረስ በሌላኛው ጎን ነበር የማኝከው። ከዛ በኋላ የክትትል ኤክስሬይ አለ፣ የተበላው አጥንት ለመሙላት ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ስለሚፈጅ ቆይቶ ነው የሚታየው። ምንም ባያማችሁም ሂዱ፣ ያልተሳካ ሩት ካናልም ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል፣ በጊዜ ከታየ ደግሞ እንደገና ተከፍቶ ይሰራል፣ ወይም የስሩ ጫፍ በትንሽ ቀዶ ጥገና ይፀዳል።