የሮማኔስኮ አበባ የሚሠራው በቅጠሉ ነው

ሮማኔስኮ አበባው በትንንሽ አረንጓዴ ሾጣጣዎች ጥምዝምዝ የተሠራ የጎመን ዓይነት ነው፤ በስሙ ብሮኮሊ ይባል እንጂ ጠባዩ ወደ አበባ ጎመን ያደላል። ብሮኮሊ ሲቆረጥ ከጎን መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ይሄኛው አንድ አበባ ሰጥቶ ያበቃል። እሱ ከተበላሸ የሦስት ወር ልፋት መና ቀረ።

የመጀመሪያውን ዙር ያጣሁት ገና ችግኝ ሳለ ነው። ዘሩን 1 ሴንቲ ሜትር ቀብሬ በሳምንት በቀለልኝ፤ መደቡ ስላልደረሰ ግን ችግኞቹን ትንንሽ ኩባያ ውስጥ 8 ሳምንት አቆየኋቸው። ሳወጣቸው ሥራቸው የኩባያውን ቅርጽ ይዞ ዙሪያውን ተጠምጥሟል። ከተከልኳቸው በኋላ ቅጠላቸው ሳይሰፋ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል አበባ አውጥተው ቀሩ። ይህን ማዳበሪያም ውሃም አይመልሰውም። ተክሉ አበባ መሥራት ከጀመረ አዲስ ቅጠል ማውጣቱን ያቆማል፤ አበባውን የሚመግበው እስከዚያ ያፈራው ቅጠል ብቻ ነው። አሁን 4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል (ከመጀመሪያዎቹ ሁለት የዘር ቅጠሎች በኋላ የሚመጣውን) ሲያወጣ፣ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ እተክላለሁ፤ ቀድሜም ለአንድ ሳምንት ከፀሐይና ከነፋስ ጋር አለማምደዋለሁ። መደቡ ሳይዘጋጅ የዘሩን ከረጢት አልከፍትም።

በተክልና በተክል መካከል 60 ሴንቲ ሜትር እተዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ቦታው የባከነ ይመስላል፤ በሁለት ወሩ ግን ቅጠሉ ይገጥማል። በካሬ ሜትር 5 ኪሎ ያህል በደንብ የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር እቀላቅላለሁ። ከተከልኩ በ3 ሳምንት፣ ቀጥሎም በ6 ሳምንት፣ ለእያንዳንዱ ተክል አንድ የሻይ ማንኪያ ዩሪያ ከግንዱ 15 ሴንቲ ሜትር አርቄ በትኜ ውሃ አጠጣለሁ። ውሃው እንዳይቋረጥ ጉዝጓዝ ይረዳል፤ አንድ ሳምንት ደርቆ የከረመ ተክል እንደዚያ እንደ ኩባያው ችግኝ ይሆናል።

አፈሩ አሲዳማ ከሆነ ከተከላው ብዙ ሳምንት ቀድሞ ኖራ መጨመር ያስፈልጋል፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው) ከ6.5 እስከ 7.5 ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ሥሩን የሚያሳብጠው በሽታ ይበረታል።

አበባውን ስትሰበስቡ ግንዱን ቆርጣችሁ ውስጡን እዩት። ባዶ ሆኖ ግን ንጹሕና ነጭ ከሆነ ናይትሮጅን በዝቶበት በፍጥነት አድጓል፤ ጉዳት የለውም። ባዶውን ዙሪያ ቡናማ ከሆነና አበባውም ላይ ቡናማ ነጥብ ካለ ተክሉ በጥቂቱ የሚፈልገው የቦሮን ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ለ10 ካሬ ሜትር አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ቦራክስ (ቦሮን ያለበት ጨው) በውሃ አሟሙቶ ከሚቀጥለው ተከላ በፊት አፈሩ ላይ ማርከፍከፍ ይበቃል። በእጅ ግምት አታድርጉት፤ ቦሮን ትንሽ ሲበዛ ተክሉን ይመርዛል።

ለአበባው የሚስማማው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ነው። ሙቀት ሲበዛ ጥምዝምዙ ይላላል፣ በመሃሉም ትንንሽ ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። ስለዚህ ቀዝቃዛውን ወቅት አይቼ 100 ቀን ያህል ወደ ኋላ ቆጥሬ ነው የምተክለው።

አባጨጓሬ ሮማኔስኮ ላይ ከማንኛውም ጎመን የከፋ ነው፤ ሾጣጣዎቹ መካከል ከገባ በእጅ አይለቀምም። ቀዳዳው 1.3 ሚሊ ሜትር የሆነ መረብ በተከልኩበት ቀን እዘረጋለሁ፤ ቅጠሉን እንዳይነካ ቅስት ላይ ነው የምወጥረው፤ ከነካማ ቢራቢሮዋ በላዩ እንቁላሏን ትጥላለች። ያመለጠ ካለ አበባውን ጨው ባለው ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ መዘፍዘፍ ያስወጣዋል።

እንደ ነጭ አበባ ጎመን ቅጠሉን አጥፎ ማሰር አያስፈልግም። አንዴ አስሬ ሞክሬው አበባው ገርጥቶ ወጣ፤ አረንጓዴነቱን የሚያገኘው ከብርሃን ነው። ጥምዝምዙን መቁጠር ለወደደ ብዙ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ 8፣ በሌላው 13 ያገኛል።

የምቆርጠው ጠርዝ ላይ ያሉት ሾጣጣዎች እርስ በርስ መራራቅ ሊጀምሩ ሲሉ ነው፤ መጠኑ ትንሽ ቢሆንም አልጠብቅም። ጉቶውን ከነሥሩ ነቅዬ እመረምራለሁ፤ ሥሩ አብጦ ከሆነ ብስባሽ ውስጥ አይገባም።